«ወራጅ አለ» በሉ፣ ባቡር አይጠብቅም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው እትም ስለ ባጃጅና ትርፍ ጭነት ትንሽ ተናግሬ ነበር። የመጡት ደብዳቤዎች ግን እኔ ባላሰብኩት በኩል ሄዱ። ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ ባቡር ነው። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር አንድ ሜትር ሀዲድ የለንም፤ ልጆቻችን ግን ሀዲድ ባለበት ሁሉ አሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የጸሐፊዎቹንም ስም ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለሥራ ብሎ ወደ ምሥራቅ ከወረደ ዓመት አለፈው። ያለበት ከተማ ባቡር ያልፍበታል። በቀደም ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ሀዲድ ሲያቋርጥ ባቡር ገጨው። ሹፌሩ እጁ ተላጠ እንጂ ምንም አልሆነም። በግራ በኩል የተቀመጠችው ልጅም ደህና ናት። የኔ ልጅ ግን ዳሌው ተሰብሮ፣ የጎን አጥንቱ ተሰንጥቆ ይኸው እስካሁን ተኝቷል። አንድ ባጃጅ ውስጥ ሆነው እንዴት እንዲህ ይለያያል? ጎረቤት እርግማን ነው ይለኛል።
(እናት፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ እማማ፣ እግዜር ይማርልዎት። እርግማን የሚሉትን አይስሟቸው። የወንበር ጉዳይ ነው።

ልጅቷ በግራ ከነበረች ልጅዎ በቀኝ ነበር፤ ባቡሩም የመጣው በቀኝ ሳይሆን አይቀርም። መኪና ፊት ለፊት ሲጋጭ ኮፈኑም ሞተሩም ይጨማደዳል። ያ ሲጨማደድ ከምቱ ብዙውን ይውጠዋል፣ ለሰው የሚደርሰው ትርፉ ነው። በጎን ሲመታ ግን በተሳፋሪውና በሚመታው ነገር መካከል ያለው አንድ በር ብቻ ነው። ባጃጅ ደግሞ በሩም የለው፤ ቀጭን ብረትና ሸራ ነው። ስለዚህ ምቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ዳሌ ነው፣ ቀጥሎ የጎን አጥንት፣ ከዚያ ትከሻና ጭንቅላት። ልጅዎ የተጎዳው በዚሁ መስመር ነው።

ሹፌሩ ፊት ለፊት መሐል ላይ ነው የሚቀመጠው፤ መሪውንም ጨብጧል። ባጃጁ ከኋላ በኩል ከተመታ ዙሮ ይወረወራል እንጂ ምቱ በቀጥታ እሱ ላይ አያርፍም። ማዶ የተቀመጠች ልጅም አንዳንዴ ትተርፋለች። አንዳንዴ አልኩ፣ ምክንያቱም ማዶ ያለው ሰው ሌላ አደጋ አለበት፦ ቀበቶም በርም ስለሌለ ተፈናጥሮ ይወጣል። ሲወድቅ አስፋልት ላይ ይሁን ሀዲድ ላይ ማንም አይመርጥለትም። እሷ እድለኛ ነበረች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ስለሚተኛው ልጅ ልንገርዎት፣ የሚጠቅምዎት ይሄ ነውና። የጎን አጥንት ጄሶ አይደረግበትም፣ በራሱ ነው የሚገጥመው። ችግሩ ሲያመው በጥልቀት መተንፈስ ይፈራል፤ ሳንባው በደንብ ካልተነፋ ደግሞ የሳንባ ምች ይመጣል። ስለዚህ በቀን ደጋግሞ በጥልቀት ይተንፍስ። ሲያስለው ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ይሳል፣ ሕመሙ ይቀንስለታል። ሐኪሙ ከፈቀደ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ያንቀሳቅስ። ብዙ የሚተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። አንደኛው ባቱ ካበጠና ካመመው፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ቂጡና ተረከዙ ላይ ቆዳው እየቀላ እንዳይሆን በየቀኑ ይዩለት፤ ቁስሉ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ እነዳለሁ። ሥራው ቀዝቅዟል፣ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሄጄ ልሥራ ብዬ ወስኛለሁ። ባቡር በፊልም ካልሆነ አይቼ አላውቅም። ጓደኞቼ «ባቡር ምን አለው፣ ከሩቅ ይታያል፣ ጥሩንባውም ይሰማል» ይሉኛል። እውነት ነው?
(የባጃጅ ሹፌር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት መጠየቅህ ጥሩ ነው። ጓደኞችህ የነገሩህ ግን ግማሹ ነው።

ከሩቅ ይታያል። ችግሩ ከሩቅ ሲታይ የቆመ ይመስላል። ትልቅ ነገር ወደ አንተ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ዓይን ፍጥነቱን መለካት አይችልም፣ ዝግ ብሎ የሚመጣ ይመስልሃል። ሰው «እደርሳለሁ» ብሎ የሚገባው በዚህ ነው። ሁሉም ሞኝ ሆኖ አይደለም፣ ዓይኑ ነው የሚሸውደው።

አሁን ቁጥር እንይ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ መስመር ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ በ2009 ዓ.ም ተመርቆ በ2010 ነው መደበኛ ሥራ የጀመረው። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። የሰው ባቡር ሲነደፍ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር፣ የጭነቱ እስከ 80 እንዲሄድ ተብሎ ነው። ጭነቱን ብቻ ውሰድ። 80 ማለት በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ነው። አንተ ከሀዲዱ 5 ሜትር ርቀህ ቆመህ፣ ማርሽ አስገብተህ፣ ሰው ጭነህ፣ ኋላህ ሀዲዱን ለቆ እስኪወጣ ቢያንስ 5 ሰከንድ ትፈልጋለህ። በዚያ 5 ሰከንድ ባቡሩ ከ100 ሜትር በላይ መጥቷል። መሐል ላይ ሞተሩ ቢጠፋብህስ?

ያየኝ የባቡር ሹፌር ፍሬን ይይዛላ ትለኝ ይሆናል። ይይዛል። ግን ብረት ጎማ ብረት ላይ ነው የሚሽከረከረው፣ እንደ ላስቲክና አስፋልት አይጨብጥም። የተጫነ የጭነት ባቡር በሙሉ ፍጥነት ላይ ሆኖ ሙሉ ፍሬን ቢያዝ ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። አንተን አይቶ ፍሬን የያዘ የባቡር ሹፌር ገጭቶህ አልፎ ነው የሚቆመው። መሪ የለው፣ ጎኑን አያዞር። ባዶ ባጃጅ 350 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ ከነጭነቱ 3,000 ቶን የሚሆን ባቡር ማለት ከ8,000 የሚበልጡ ባዶ ባጃጆች አንድ ላይ ተጣብቀው ሲመጡብህ ነው። በመንገድ ላይ የለመድነው «እሱ ያቁም፣ እኔ ቀድሜያለሁ» የሚባል ግብግብ እዚያ አይሠራም።

ጥሩንባውስ? ጥሩንባው ይነፋል። አንተ ግን ስፒከሩን ከኋላ ወንበር ስር አስረህ እስከ ጥግ ከፍተኸው ከሆነ አትሰማም። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ እንዳይገባ ሸራውን በግራም በቀኝም ታወርዳለህ፤ ያን ጊዜ ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ ጆንያ ውስጥ እንደመቀመጥ ነው፣ ፊትህ ያለውን ካልሆነ አታይም። በዚያ ላይ መስታወቱ ጫፍ ላይ ክሩን፣ ጨሌውን፣ የቅዱሳን ሥዕሉን ደርድረኸዋል። ሥዕሉን አውርድ አላልኩም። ግራና ቀኝ የምታይበትን ቦታ ግን ልቀቅ። ሀዲድ ጋ ስትደርስ ዘፈኑን ዝጋ፣ ሸራውን ግለጥ፣ አንገትህን አውጥተህ እይ። ትንሽ ብትረጥብ ምንም አይደለም።

ሌላ አንድ ነገር፣ ባጃጅ ለሚነዳ ሰው ብቻ። ያንተ ጎማ ትንሽ ነው፣ ፊት ያለው ደግሞ አንድ ነው። ሀዲዱን በሰያፍ ከገባህበት የፊት ጎማህ ከሀዲዱ ጎን ባለው ክፍተት ሊያዝ ይችላል። ቀጥ ብለህ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ማርሽ ሳትቀይር ተሻገር። ማዶ መንገዱ ተዘጋግቶ ከሆነ አትግባ፤ ከፊትህ ያለው መኪና ተንቀሳቅሶ ላንተ የሚሆን ቦታ ሲለቅ ብቻ ነው የምትገባው። ሀዲድ ላይ ሰልፍ አይጠበቅም። የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም ነው፣ የባቡሩ ገላ ግን 3 ሜትር ገደማ ይሰፋል። በየጎኑ 80 ሳንቲም ያህል ወጣ ይላል ማለት ነው። ሀዲዱን አልነካሁም ብለህ ጥጉ ላይ ብትቆም ይወስድሃል። ሁለት ሀዲድ ካለ ደግሞ አንዱ ባቡር አለፈ ብለህ ወዲያው አትግባ፣ በማዶው የሚመጣው ከጀርባው ተሸፍኖ ነው የሚመጣው።

መልካም ሥራ። እዚያ ስትደርስ የአገሬውን ሹፌሮች ጠይቅ፣ የትኛው ማቋረጫ ጠባቂ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ከነሱ የተሻለ የሚነግርህ የለም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና ጎጃም ውስጥ ባቡር የለም። ስለሌለ ነገር ገጽ ከምታባክኑ ስለ ማዳበሪያ ብትጽፉ አይሻልም?
(አንባቢ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ስለ ማዳበሪያ እንጽፋለን፣ አይዞህ። ግን በየዓመቱ ወደ መተሐራ ለሸንኮራ ሥራ የሚወርደው፣ አዲስ አበባ ቀን ሥራ የሚሠራው፣ ድሬዳዋ ሎተሪ የሚያዞረው ማን ይመስልሃል? ደግሞ በአገሪቱ የባቡር እቅድ ላይ ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳር፣ በወረታ አድርጎ ወልዲያ የሚደርስ መስመር ነበረ። መቼ ይሠራል አትበለኝ። ድሬዳዋ ባቡር የገባው በ1895 ዓ.ም ነው፣ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ፈጅቶበታል፤ እና እኛም ትንሽ ብንጠብቅ ብርቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሞጣ ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ እማራለሁ። በቀደም ማታ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የከተማው ባቡር እየመጣ እያየው በሩጫ ተሻገረ። ከኋላችን ሽው ብሎ አለፈ። ሰው ሁሉ «ወይኔ» አለ እንጂ ማንም ምንም አልተናገረም። እኔም ዝም አልኩ። መናገር እፈልግ ነበር፣ ግን «ገጠሬ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?
(ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም ያልሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ እዚያ መኪና ውስጥ ከነበሩት መካከል አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉትም ዝም ብለዋል። ስለዚህ የገጠሬነት ነገር አይደለም። ሁላችንም ታክሲ ስንገባ ሂሳብ ከፈልን ማለት ነፍሳችንንም ለሹፌሩ ያስረከብን ይመስለናል።

የከተማው ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም መስከረም ጀምሮ አለ፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንዱ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ወደ ሰሜን ይወጣል። ብዙ ቦታ በድልድይ ላይ ነው ወይም አጥር አለው። መንገድ የሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ግን አሉ። ከጭነት ባቡር ሲነጻጸር ቀላል ስለሚባል ሰው ይንቀዋል። ቀላል የተባለው ለባቡር ነው እንጂ ለሚኒባስ አይደለም፣ በአስር ቶኖች የሚቆጠር ብረት ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ጉዳቱ ከባጃጅ ይለያል። ቆርቆሮው ትንሽ ይከላከላል። ግን የሚጎዱት መጀመሪያ እነማን መሰሉሽ፦ በመተላለፊያው ላይ ረዳቱ በሚዘረጋው ወንበር የተቀመጡት፣ ዱካ ላይ ጎበጥ ብለው የሚሄዱት፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ራሱ ረዳቱ። በጎን ሲመታ እነዚህ ሰዎች የሚይዛቸው ነገር የለም፣ ተወርውረው ሌላው ሰው ላይ ይወድቃሉ። ጭንቅላት ከጭንቅላት ይጋጫል። ቀበቶ የታሰረ ሰው ቢያንስ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ጎረቤቱንም አይጎዳም። ቀበቶው በአብዛኛው ታክሲ ላይ ወንበሩ ስር ገብቶ ነው የሚገኘው፣ አውቃለሁ። ፈልጊው፣ አንዳንዴ ይሠራል።

ምን ልበል ላልሽው፣ አንድ ቃል አለሽ፣ የማንንም ክብር የማይነካ፣ ማንም የማይስቅበት፦ «ወራጅ አለ!» በቃ። ሹፌሩ ሀዲድ ጋ ሊሽቀዳደም መሆኑን እንዳየሽ ጮክ ብለሽ «ወራጅ አለ!» በይ። ወራጅ ሲባል ሹፌር በልማዱ እግሩ ወደ ፍሬን ነው የሚሄደው። ከዚያ መውረድም አለመውረድም ትችያለሽ። «ሃሳቤን ቀየርኩ» ብትይ ረዳቱ ይሳደብ ይሆናል፤ ይሳደብ። ባቡሩ በዚያ መካከል ያልፋል።

ጨዋ ሹፌር ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ንገሪው። «ወንድም፣ ባቡሩ ይለፍ፣ አንቸኩልም» ስትይ ከኋላ ሌላ አምስት ሰው «አዎ እባክህ» ይላል። አንድ ሰው እስኪጀምር ነው ሁሉም የሚጠብቀው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከአዲስ አበባ መልስ ናቸው። እዚያ የነበሩበትን ሚኒባስ ባቡር ነክቶት ተገልብጦ ነበር። እሳቸው ግን በእግራቸው ነው የወጡት፣ ምንም አልሆንኩም ብለው ሐኪም ቤት ሳይሄዱ አውቶቡስ ይዘው ቡሬ ገቡ። ወጌሻ ጎናቸውን አሸላቸው። ከትናንት ጀምሮ ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ ግራ ትከሻቸውንም ይወጋቸዋል፣ ትከሻቸው ግን አልተመታም። ወጌሻው እንደገና ልሽ ይላል። እናሳሽ?
(የእህት ልጅ፣ ቡሬ)

መልስ፦ አታሳሹ። ይሄን ደብዳቤ እንዳየሁ ወዲያው ስልክ አስደውያለሁ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሄደዋል። ለሌሎቻችሁ እንዲጠቅም ግን ምክንያቱን ልጻፈው።

ከግራ ጎድን ስር ጣፊያ የምትባል አካል አለች፣ ደም የሞላባት፣ ለስላሳ። ጎን በኃይል ሲመታ ትሰነጠቃለች። አንዳንዴ ወዲያው ትደማለች። አንዳንዴ ግን ደሙ በሽፋኗ ውስጥ ታቁሮ ይቆይና ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ ሽፋኑ ይቀደዳል። ደሙ ሆድ ውስጥ ሲፈስ ከሳንባ በታች ያለውን ስስ ጡንቻ ይነካዋል፣ የዚያ ጡንቻ ነርቭ ደግሞ ከአንገት ስለሚመጣ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ያልተመታ ትከሻ ሲወጋ ሐኪም የሚደነግጠው በዚህ ነው። ታዲያ ያን ጎን በዘይት አሽቶ መጫን ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።

ወጌሻን እየነቀፍኩ አይደለም። የእጅ ወለምታ፣ የእግር መጣመም የሚያቃኑ ጥሩ ወጌሾች አሉን። የሆድ ውስጥ ነገር ግን የወጌሻ አይደለም። ጎበዝ ወጌሻ ራሱ «ይሄ የኔ አይደለም» ነው የሚለው።

ከግጭት በኋላ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ለምን እንደማይታመንም ልበላችሁ። ሰውነት ሲደነግጥ የሚያመነጨው ነገር ሕመም ይደብቃል። ሰውየው ይቆማል፣ ይራመዳል፣ የሰው ዕቃ እስከመልቀም ይደርሳል። ስለዚህ ባቡር ወይም ትልቅ መኪና የነካው መኪና ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ይታይ፣ ቆሞ ቢሄድም። እቤት ከገባ በኋላ ደግሞ እነዚህን ካያችሁ ነገ አትበሉ፦ የሚብስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ እንቅልፍ ማብዛት ወይም ንግግር መደነቃቀፍ፤ የሆድ ማበጥና መጠንከር፤ ደም የቀላቀለ ሽንት፤ ቀዝቃዛ ላብና ቶሎ ቶሎ የሚመታ ልብ። ሐኪም ቤት ስትደርሱ «ወድቆ ነው» አትበሉ፣ «ባቡር የገጨው መኪና ውስጥ ነበር» በሉ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሐኪሙ የሚፈልገውን ትለውጠዋለች።

ጥያቄ፦ መተሐራ አካባቢ ነው የምሠራው። ባጃጅ ሀዲድ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ገፍቶ ማውጣት ይሻላል ወይስ መሸሽ? ተጎድቶ የወደቀ ሰው ካለስ?
(የጎዛምን ልጅ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሰው ይውረድ። ሕፃን የያዘች እናት ትቅደም። ልጁ በአንቀልባ ጀርባዋ ላይ ከሆነ አውርዳ አትፍታው፣ እንደታዘለ ይዛው ትውጣ፤ የማሰሪያ መፍቻ ጊዜ የለም። ባቡር ካልታየና ካልተሰማ ብቻ፣ ብዙ ሆናችሁ፣ አንድ ሰው ሀዲዱን እየጠበቀ ግፉት። ባጃጅ ቀላል ናት፣ ገለልተኛ ማርሽ ላይ ካደረጋችኋት ትሄዳለች። ባቡር ከታየ ግን ተዉት። የብረት ነገር ነው፣ ይገዛል።

ስትሸሹ ባቡሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አትሩጡ። የተመታው ባጃጅ የሚወረወረው ወደዚያ ነው። ከሀዲዱ እየራቃችሁ፣ ባቡሩ ወደሚመጣበት ወገን በሰያፍ ሩጡ። ይሄ ለጆሮ እንግዳ ነው፣ ግን ስብርባሪው ከኋላችሁ ይቀራል።

የተጎዳውን በተመለከተ፦ በእግርና በክንድ ጎትቶ ማውጣት የለመድነው ነገር ነው፣ ብዙ አንገትና አከርካሪ የሚበላሸውም በዚያ ነው። እሳት ወይም ሌላ ባቡር ካላሰጋ በስተቀር ባለበት ይቆይ፣ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይያዝለት። ደም የሚፈሰውን በንጹሕ ነጠላ ተጭኖ መያዝ ነው፣ ደጋግሞ ገልጦ ማየት ሳይሆን። ውኃ አታጠጡት፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። እግሩ በብረት ስር ለረጅም ጊዜ ተጣብቆ የቆየ ሰው ካለ በራሳችሁ ከምትነቅሉት የሕክምና ሰው ቢደርስ ይመረጣል፤ የተጨፈለቀ ሥጋ ሲለቀቅ ወደ ደም የሚገባው ነገር ልብን ሊያቆም ይችላል። የመስመሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተበጥሶ ወርዶ ከሆነ ማንም አይጠጋ፣ 25,000 ቮልት ነው፣ ሳይነኩትም ይዘላል። አምቡላንስ የቀይ መስቀል 907፣ ፖሊስ 991። በስልካችሁ አሁን መዝግቡት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ባጃጅ ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ ባቡር ገጭቶት እግሩን አጥቷል። የባጃጁ ባለቤት «ገጪው ባቡር ነው» ይላል። የባቡሩ ወገን ደግሞ «ሹፌራችሁ ዝግ ማቋረጫ ላይ ገብቶ ነው» ይሉናል። ሽማግሌዎች ገብተው በትንሽ ብር እንታረቅ ይላሉ። ምን ይሻለናል?
(ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አያ፣ ሁለቱም ወገን የሚያወራው ጥፋቱ የባቡሩ ነው ወይስ የሹፌሩ ስለሚለው ነው። ወንድምህ ሹፌር አልነበረም። ሹፌሩ ቢያጠፋ እንኳ የሹፌሩ ጥፋት የተሳፋሪው ጥፋት አይሆንም። ይሄን ይዘህ ነው የምትገባው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ራሱ ባይነዳውም። ወንድምህ ከፍሎ ከተሳፈረ ደግሞ ጉዳዩ የማጓጓዣ ውል ጉዳይም ይሆናል። በየትኛው በኩል መክሰስ እንደሚያዋጣ ጠበቃ ይወስን። ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ ሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት ማዕከል አላቸው፣ እዚያ ጠይቁ። ባጃጁ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገድዳል። ባለቤቱን የመድኑን ወረቀት ጠይቁት። የለኝም ካለም ተስፋ አትቁረጡ፣ መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ።

ወረቀት ሰብስቡ። የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋ ሪፖርትና ፕላን፣ የመጀመሪያው ቀን የሕክምና ካርድ፣ ራጁ፣ የአካል ጉዳት መጠን የሚገልጽ የሐኪም ቦርድ ማስረጃ፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ደረሰኝ፣ ወንድምህ በፊት ስንት ይሠራ እንደነበር የሚያሳይ ነገር። ሰው ሠራሽ እግር አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያበቃ አይደለም፣ ያረጃል፣ ይለወጣል፤ ካሳ ስታሰሉ እሱን ጨምሩ። አብረው የተሳፈሩትን ሰዎች ስልክ አሁኑኑ ያዙ፣ በኋላ አታገኟቸውም።

ስለ ሽምግልናው፣ ሽማግሌ ማክበር ያባት ነው። ቤተሰብ ለቤተሰብ መታረቁ፣ ቂም መተዉ ጥሩ ነው፣ አድርጉት። ግን ሽማግሌዎቹ የሚያቀርቡትን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል ካለበት እሱ ዕርቅ ብቻ አይደለም፣ የወንድምህን የዕድሜ ልክ ካሳ መልቀቂያ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚሰጧችሁን ብር ተቀበሉ ቢባል እንኳ «ለሕክምና እርዳታ የተሰጠ» ተብሎ ይጻፍ።

ከውል ውጭ ለሆነ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፣ የሕጉ ቁጥር 2143 እንዲህ ይላል። ሽምግልና ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ለፋሲካ ይቀጠራል፣ ከፋሲካ ወደ ሰኔ፣ ክረምት ሲገባ እርሻ ነው ተብሎ ለመስቀል ይዛወራል። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱ ግን ይግባ።